የሎክ ዳዶ ቁልፍ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ጎማ እንዴት ይፈታል? ዝርዝር መመሪያ

ጎማው ተንፍሷል፣ ክሪኩም ስኮርታውም በቦታቸው አሉ፤ ከአምስቱ ዳዶዎች አንዱ ግን መፍቻ አይዝለትም። ክብ ነው፣ ፊቱ ላይ የአበባ ወይም የኮከብ ቅርጽ ያለው ጠባብ ቦይ ተቆርጦበታል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሎክ ዳዶ እንዳለው የሚያውቀው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። የቀድሞው ባለቤት ቸርኬውን ከሌባ ለመጠበቅ ያሰረው ዳዶ ከመኪናው ጋር ይመጣል፣ ቁልፉ ግን የሆነ ቦታ ቀርቷል። ባሕር ዳር መሃል ከሆናችሁ ጎሚስታ ሩቅ አይደለም። ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ዘጌ መውጫ ላይ ከሆናችሁ ግን በእጃችሁ ባለው መሣሪያ ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ያዙ፤ ሎክ ዳዶ እንቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ከጥንካሬው ይልቅ በመጀመሪያዎቹ የችኮላ ሙከራዎች ቦዩ ስለሚበላ ነው። ቦዩ ከተበላ በኋላ ቀላሉ መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ ከታች ያሉት ዘዴዎች ከማያበላሸው ወደሚያበላሸው በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ሁለት ነገሮችን አረጋግጡ። አንደኛ፣ ዳዶ ነው ወይስ ብሎን? ቶዮታ፣ ሱዙኪና ሃዩንዳይ ላይ ብሎኑ ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት መሃል) ወደ ውጭ ወጥቶ ይቆማል፣ በላዩ ላይ ዳዶ ይታሰራል። ቮልስዋገንና ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን የሚወጣው ራሱ ብሎኑ ነው። መቦርቦር ላይ ከተደረሰ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የብሎን ራስ ቢቦረቦር የሚጠፋው ያው ብሎን ነው፣ የዳዶ ሲሆን ግን ከሞዞው የወጣው ብሎንም አብሮ ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ የውጭው ቀለበት ይሽከረከራል? አንዳንድ ሎክ ዳዶ ከላይ ለብቻዋ የምትዞር ቀለበት አለችው። በጣታችሁ ወይም በፒንሳ ጫፍ ያዟትና አዙሩ። እሷ እየዞረች መሃሉ ካልተንቀሳቀሰ፣ ከውጭ የሚይዝ ማንኛውም መሣሪያ ከንቱ ነው፤ ቀለበቷ መወገድ አለባት። ይህን ሳያዩ በመዶሻ የጀመሩ ሰዎች ግማሽ ቀን ያባክናሉ።

ለማየት ደግሞ ማጽዳት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ የገባ ጭቃ በጋ ሲመጣ ቦዩ ውስጥ ይደርቃል፣ ከዳዶው ጋር አንድ አካል ስለሚመስልም ለዓይን አይታይም። በቀጭን ሽቦ ወይም በመርፌ ዙሪያውን ቆፍሩ፣ በጥርስ ብሩሽና በውኃ እጠቡ፣ ከዚያ በስልክ መብራት እዩት። የቦዩ ጥልቀት በሁሉም በኩል እኩል መሆን አለበት። «ቁልፉ አልገባ አለ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው የደረቀ ጭቃ ነው።

ቁልፉን በደንብ ፈልጉ

ቁልፉ ትንሽ ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። አንዱ ጫፉ የዳዶው ቅርጽ አለው፣ ሌላው ጫፉ 17፣ 19 ወይም 21 ቁጥር መፍቻ የሚገባበት ስድስት ጎን ነው። ብዙ ጊዜ በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ይሆናል። የኋላውን ወለል አንስታችሁ ስኮርታው ያለበትን ጉድጓድ፣ ክሪኩ የሚቀመጥበትን ሳጥን፣ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ኪስ፣ ከፊት ወንበር ሥር ያለውን መሳቢያና የመኪናው መጽሐፍ ያለበትን ቦርሳ ፈትሹ። ጎማው በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ የሠራውን ጎሚስታ ጠይቁ፤ ቁልፉ ከዳዶው ወጥቶ መፍቻው ውስጥ ተሰክቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንዳንድ ጎሚስታዎች ባለቤት ያጡ ቁልፎችን ያጠራቅማሉ። ቅርጹ ሊገጥም ስለሚችል ከማፍረስ በፊት መጠየቅ ዋጋ አለው። ዳዶውን ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ። የበለጠ የሚረዳው ግን ሻጋታ ነው፦ ሰም አለስልሳችሁ ቦዩ ውስጥ ተጭናችሁ ሲቀዘቅዝ አውጡት፤ ከቁልፎቹ ጋር በእጅ እያስተያዩ መምረጥ ይቻላል።

ኮድ ካለ ነገሩ ይቀላል። ኮዱ ቁልፉ ላይ ተቀርጾ ወይም ከመጽሐፉ ጋር በተቀመጠች ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንደ ማክጋርድ ያሉ አምራቾች በኮዱ አዲስ ቁልፍ ይሸጣሉ። ቁልፉ ከውጭ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ ይህ ጎማው ላልተነፈሰበት፣ መኪናው ለቆመበት ሰው ነው የሚሆነው።

ቁልፉ አለ፣ ግን ተሰንጥቋል ወይም ተበልቷል

እዚህ ላይ አንድ ወይም ሁለት ዕድል ብቻ እንዳላችሁ ቁጠሩ። መኪናው መሬት ላይ ይቁም፣ ክሪክ አታንሱ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ማርሽ አስገብታችሁ (አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ)፣ ከሌላው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሰው የሚገለብጠው ነው። ሌሎቹን ዳዶዎች ቀድማችሁ አትፍቱ። እነሱ ሲላሉ ቸርኬውን ወደ ሞዞው የሚጫነው ኃይል ሁሉ ሎኩ ላይ ይወድቃል፣ የደከመ ቁልፍ ደግሞ ያን አይችልም። በተቃራኒው ሌሎቹን በልካቸው አጥብቁ፣ ከሎኩ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ደግሞ ከልክ በጥቂቱ ብቻ ከፍ አድርጉ። ቸርኬው በነሱ ሲጨመቅ የሎኩ ውጥረት ይቀንሳል። ሎኩ መጀመሪያ፣ ሌሎቹ በኋላ።

ከዚያ ቁልፉን ቦዩ ውስጥ አስገብታችሁ በትንሽ መዶሻ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉት፣ እስከ መጨረሻ እንዲቀመጥ። መፍቻውን ስትሰኩ አንድ ሰው በመዳፉ ቁልፉን ወደ ዳዶው ቀጥ አድርጎ ይጫን፤ ቁልፍ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ጠምዘዝ ብሎ ሲቀመጥ ነው። 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር እጀታ ተጠቅማችሁ ወደ ግራ ቀስ እያላችሁ ኃይሉን ጨምሩ። አትንጡ፣ አትዝለሉበት። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይ ዳዶው ተላቋል ወይ ቁልፉ ተንሸራቷል፤ ቆም ብላችሁ እዩ። ከተንሸራተተ ሁለተኛ አትሞክሩ፣ ወደሚቀጥለው ዘዴ እለፉ።

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት መርጨትን በተመለከተ፣ ሎክ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የተዘጋ ነው። ከፊት የተረጨው ደብልዩ ዲ-40 ጥርሱ ጋ አይደርስም፤ ቦዩን ብቻ ያለሰልስና ቁልፉ እንዲያመልጥ ያደርጋል። የሚጠቅመው ባለ ብሎን መኪና ላይ የብሎኑ ጫፍ ከሞዞው ጀርባ ብቅ ብሎ ከታየ ነው። ያኔ ከኋላ ትንሽ ረጭታችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ የፍሬን ዲስኩን ግን በጨርቅ ሸፍኑት። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ፍሬን አይዝም። የተነከረውን ጨርቅም የመንገድ ቦይ ውስጥ አትጣሉት፤ የከተማው ጎርፍ የሚወርደው ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ነው።

ሶኬት መፍቻን በመዶሻ ማልበስ

ቁልፍ ጨርሶ ከሌለና ቀለበቱ የማይሽከረከር ከሆነ፣ ከሁሉ አስተማማኙ ይህ ነው። ለዚሁ የተሠራ፣ ውስጡ ወደ ግራ የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው ማውጫ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ በዞረ ቁጥር እየነከሰ ይሄዳል። ከሌለ መሥዋዕት የሚሆን አሮጌ ሶኬት መፍቻ በቂ ነው።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ፣ የዳዶውን የውጭ ውፍረት በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ለኩ። ለምሳሌ ዳዶው 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ 12 ጥርስ 21 ቁጥር ይሆናል። የ21 ቁጥር ባለ 12 ጥርስ መፍቻ የውስጥ ሹሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.7 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው፤ ስለዚህ ዳዶውን በሁሉም በኩል በስሱ ይቆርጡታል፣ አሥራ ሁለት ቦታም ይይዙታል። ባለ 6 ጎን 21 ቁጥር ግን ውስጡ ልክ 21 ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ይህን ሁሉ በመዶሻ ማስገባት ከባድ ነው፣ መፍቻውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዳዶው ሾጠጥ ያለ ከሆነ ከጫፉ ሳይሆን ከመሃሉ ለኩ።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. የዓይን መከላከያ አድርጉ። ሁለቱም ብረቶች የጠነከሩ ናቸው፣ ሲመቱ ፍንጣሪ ይወጣቸዋል።

2. ቸርኬው አልሙኒየም ከሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ፣ ጠቅልላችሁ ዳዶው ያለበት ጉድጓድ ዙሪያ አስገቡ። መፍቻው ግድግዳውን እንዳይፍቅ ይጠብቃል። ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ግድግዳው ስስ የሆነ መፍቻ ያስፈልጋል።

3. መፍቻውን ቀጥ አድርጋችሁ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ባለው መዶሻ አጭር አጭር ምት ምቱ። የ4 ኪሎ መዶሻ አታንሱ፤ እያንዳንዱ ምት በሞዞው አልፎ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፣ የተጎዳ ኩሽኔታ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ መጮህ ይጀምራል። ድምፁን አዳምጡ፦ መጀመሪያ ልል ነው፣ መፍቻው እስከ ታች ሲቀመጥ ይደርቃል። ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት።

4. ረጅም እጀታ ሰኩ። በአንድ እጅ የመፍቻውን ራስ ወደ ዳዶው ተጭናችሁ በሌላው ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ሳቡ። በኮምፕሬሰር የሚሠራውን የአየር መፍቻ አትጠቀሙ፤ ንዝረቱ የተነከሰውን ቦታ ይልጠዋል።

5. ከተንሸራተተ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ መፍቻ እንደገና አልብሱ። ለሦስተኛ ጊዜ የሚበቃ ብረት አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

6. ሲወጣ ዳዶው መፍቻው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሞርሳ ላይ አስራችሁ እጀታው በሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ በኩል ጠንካራ ዘንግ አስገብታችሁ በመዶሻ አስወጡት። መፍቻው አይጣል፣ ለሌሎቹ ሦስት ጎማዎች ሎኮች ያስፈልጋል። አንዱን ፈትታችሁ ሌሎቹን «ሌላ ቀን» አትበሉ።

የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ሲሆን

ቀለበቷ ስስ ናት፣ ከመሃሉ ጋር የምትያያዘውም በጠባብ ከንፈር ነው። ቦታ ካለ በቫይስ ግሪፕ (ነክሶ በሚቆልፍ ፒንሳ) ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ ውጭ እየወዘወዛችሁ መሳብ ትችላላችሁ። ካልሆነ ስለታም ትንሽ መሮ ቀለበቷ ጠርዝ ላይ በርዝመቷ አቅጣጫ አሳርፋችሁ ሰንጥቋት፤ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀች በፒንሳ ተጠቅልላ ትወጣለች። በትንሽ የእጅ መፍጫም ይቻላል፣ ግን ፍንጣሪው ጎማውንና ቸርኬውን እንዳያቃጥል እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ትልቁ ግራይንደር ለዚህ አይሆንም፤ ቸርኬው ሳይቆረጥ መግባት አይችልም። ቀለበቷ ከወጣች በኋላ የቀረውን መሃል ለክታችሁ ከላይ እንዳለው መፍቻ አልብሱ።

መቦርቦር

ባለ ብሎን መኪና ላይ ይህ የሚመስለውን ያህል አስፈሪ አይደለም። መሃሉን በነጥብ ማውጫ ምቱ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ጀምሩ፣ ከዚያ 8፣ በመጨረሻ ብሎኑን የሚያክል። የጎልፍ ብሎን ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ዓላማው ራሱን መለየት ብቻ ነው፤ ራሱ ሲወድቅ ውጥረቱ ስለሚጠፋ ቸርኬው ይወጣል፣ የቀረው ግንድ ደግሞ በቫይስ ግሪፕ ተይዞ በእጅ ይዞራል።

የሎክ ፊት የጠነከረ ብረት ነው። ተራ መሰርሰሪያ ጫፍ ላዩን ያበራዋል እንጂ አይቆርጠውም። ኮባልት ያለው ጫፍ፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ጠንካራ ግፊትና በየመሃሉ ጠብታ ዘይት ያስፈልጋል። ጫፉ ከጮኸና ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ፍጥነቱ በዝቷል፣ አቁሙ። ባለ ዳዶ ሲሆን መቦርቦሩ የዳዶውን ግድግዳ አሳስቶ በመሮ መሰንጠቅ ማለት ነው። ከሞዞው የወጣው ብሎን መጎዳቱ አይቀርምና ተተኪውን ሳትገዙ አትጀምሩ። ለቶዮታ የተለመደው ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ሱዙኪ ላይ ጥርሱ 1.25 ነውና ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ።

ብየዳ

ሎኩ ላይ ተራ ዳዶ በይዶ መፍታት በየጋራዡ የታወቀ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ግን በመጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ለአደጋው ነው። ጎማ የታሰረበት ቸርኬ ሲግል ውስጡ ያለው አየርና ጎማው አብረው ይሞቃሉ፣ ሊፈነዳም ይችላል። መሥራት ግድ ከሆነ የቫልቩን መርፌ አውጥታችሁ አየሩን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ የብየዳውን ምድር ገመድ እዚያው ጎማ ላይ ካለ ሌላ ዳዶ ጋር አያይዙ። ገመዱ ሻንሲ ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው አልፎ ኳሶቹን ይበላል። ብየዳው አጭር ይሁን፣ ቀዝቀዝ ሳይል ተፈትቶ ይውጣ። በጋዝ እሳት ማጋል ፈጽሞ አይደረግ። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ ብየዳውን ተዉት።

ከወጣ በኋላ

ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ አዲሱን ዳዶ በጣት ብቻ አስገቡ። እስከ መጨረሻ በጣት ካልሄደ ጥርሱ ተጎድቷል፣ በመፍቻ አታስገድዱት።

አዲሱ ዳዶ ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ቅርጽ ከጥርሱ እኩል ወሳኝ ነው። አንዳንዱ ሾጣጣ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ኳስ ክብ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ ያለው። የቮልስዋገን ቸርኬ ክብ መቀመጫ ይፈልጋል፤ ሾጣጣ ብታስሩበት በቀጭን መስመር ብቻ ይነካና ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይላላል። የወጣውን ሎክ ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያዩ።

የማጥበቂያው ልክ ለቪትዝና ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር፣ ለጎልፍ 6 እና 7 ደግሞ 120 ነው። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ከሌለ፣ 40 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ወደ 26 ኪሎ የሚሆን ግፊት ለ103 ይበቃል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲቆም ግን 780 ያህል ይደርሳል፣ ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቁልፍ የሚሰበረው ሲፈታ ቢሆንም፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት እንዲህ የታሰረ ዳዶ ነው። ስታስሩ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ፊት ለፊት ያለውን እየመረጣችሁ ሂዱ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ፈትሹ። ወደ ጎንደር እየሄዳችሁ ከሆነ ወረታ ላይ ቆም ብሎ መፈተሽ ይመቻል።

ቸርኬያችሁ ውድ ካልሆነ አራቱንም ሎክ በተራ ዳዶ ቀይሩ፤ መንገድ ላይ የሚያስከትለው ጣጣ ከሚያስቀረው ስርቆት ይበልጣል። ሎክ ማስቀረት ከፈለጋችሁ ግን ኮዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ፣ ቁልፉን ከክሪኩ ጋር እሰሩት። ጎሚስታ ጋ ስትደርሱም ሥራው ሳይጀመር ሎክ እንዳለ ንገሩት፣ በእጅ መፍቻ እንዲፈታና እንዲያስር ጠይቁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ከመፍቻው ውስጥ አውጥታችሁ ተቀበሉ።